ዝም ያለው ወረዳ በዝርዝሩ ውስጥ የለም

በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክረምቱ ከገባ ጀምሮ እስከ ኅዳር ድረስ በጤና ስብሰባዎቻችን ላይ በየሳምንቱ አንድ ዝርዝር በፕሮጀክተር ይታያል። የወባ ሕሙማን ቁጥራቸው የወረርሽኝ ገደብ ያለፈባቸው ወረዳዎች ዝርዝር ነው። ስብሰባው በዚያ ዝርዝር ይመራል፤ መድኃኒቱ፣ አጎበሩ፣ የመስክ መኪናው በዚያ ዝርዝር ይመደባል። በዝርዝሩ ላይ ስሙ የሌለ ወረዳ ደኅና ነው ተብሎ ይታለፋል።

ደኅና መሆኑን ግን ማን አየ? ወረዳው ከዝርዝሩ የወጣው ወባው ከገደቡ በታች ስለሆነ ሊሆን ይችላል። በዚያ ሳምንት ምንም ቁጥር ስላላከም ሊሆን ይችላል። ግድግዳው ላይ ሁለቱ አንድ ናቸው፤ የሁለቱም ስም የለም። እኔ የምለው ይህን ነው፦ ዝም ያሉት ወረዳዎች ስም አስቀድሞ ሳይነበብ፣ ገደብ ያለፉት ስም መነበብ የለበትም።

አሶሳ ውስጥ በጤና መረጃ ሥራ ዓመታት ቆይቻለሁ። አሁን አዲስ አበባ ሆኜ የአንድ ድርጅት ሰርቨሮችን እከታተላለሁ፤ ሰርቨሮቹ ያሉት ድርጅቱ በሚከራየው የውጭ አገር ክላውድ ላይ ነው። የሰው በሽታና የማሽን ጤና የተለያዩ ናቸው፤ በሁለቱም ቦታ ያየሁት አደጋ ግን አንድ ነው። የኮምፒውተሩ ዓለም ይህን አደጋ ለይቶ አውቆት መላ አበጅቶለታል፤ የእኛ የስብሰባ አዳራሽ ገና አላበጀለትም። ስለዚህ ከኮምፒውተሩ ልጀምር።

እያንዳንዱ ሰርቨር በየደቂቃው፣ አንዳንዱም በየ15 ሴኮንዱ፣ ስለራሱ ቁጥር ይሰጣል፤ ፕሮሰሰሩ ምን ያህል እንደተጨናነቀ፣ ዲስኩ ስንት በመቶ እንደሞላ፣ ስንት ደንበኛ መልስ እንዳጣ። ቁጥሩ ብቻውን አይመጣም። የየትኛው ማሽን፣ የየትኛው ከተማ፣ የየትኛው አገልግሎት እንደሆነ የሚናገር መለያ ተለጥፎበት ይመጣል። ይህን ሁሉ ቁጥር የሰው ዐይን አይችለውምና እናጣራለን። በመለያ ማጣራት አለ፤ «የዚህን ከተማ ብቻ አሳየኝ» ማለት ነው። በመጠን ማጣራትም አለ፤ «ዲስኩ ከ90 በመቶ በላይ የሞላውን ብቻ አሳየኝ» ማለት ነው።

ጉዳዩ ያለው በዚህ በሁለተኛው ነው። ፕሮሜቴየስ የሚባል ነጻ ሶፍትዌር አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ሳውንድክላውድ በተባለው የበርሊን የሙዚቃ ድርጅት ውስጥ ተጀምሮ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ይሠራበታል። «ከ90 በላይ» ብለው ሲጠይቁት፣ 90 ያልደረሰውን «አልደረሰም» ብሎ አይመልስልዎትም፤ ከመልሱ ጭርሱን ያወጣዋል። ቁጥር መላክ ያቆመውም አብሮ ይወጣል፤ ከ90 ጋር የሚነጻጸር ነገር የለውምና። ወንፊት ዱቄቱን ከእብቁ ይለያል፤ ወፍጮ ቤት ስላልደረሰው እህል ግን የሚያውቀው ነገር የለም።

ከዚህም የሚከፋ አለ። ዲስኩ 95 በመቶ ሞልቶ ማንቂያ ሲያሰማ የነበረ ሰርቨር ከናካቴው ቢሞትና ቁጥር መላክ ቢያቆም፣ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ማንቂያው ይጠፋል። ሌሊት ተረኛ ለሆነው ባለሙያ «ችግሩ ተፈትቷል» የሚል መልእክት ስልኩ ላይ ይደርሰዋል። ተመልሶ ይተኛል። ሰርቨሩ ግን ከሕመም ወደ ሞት ነው የተሻገረው።

የሙያው ሰዎች ይህን ዝም ብለው አላለፉትም። ፕሮሜቴየስ እያንዳንዱን ማሽን በጠየቀ ቁጥር ከመለሰለት 1፣ ካልመለሰለት 0 ብሎ ለብቻው ይመዘግባል። የጠፋን መለኪያ ብቻ ፈልጎ የሚያሳውቅ «አብሰንት» የሚባል ትእዛዝም አለው። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ ማንቂያው ምክንያቱ ከዐይን ስለጠፋ ብቻ ወዲያው እንዳይጠፋ፣ ለተወሰነ ጊዜ እየጮኸ እንዲቆይ የሚያደርግ ምርጫ ተጨምሮለታል። የአማዞን ክላውድዋች ማንቂያ የሚያዘጋጀውን ሰው ቁጥሩ ቢጠፋ ምን ይደረግ ብሎ አራት ምርጫ ያቀርብለታል፦ የጠፋውን እንደ ችግር ቁጠረው፣ እንደ ጤና ቁጠረው፣ የነበረበትን ሁኔታ ይዞ ይቆይ፣ ወይም «በቂ መረጃ የለም» በል። በእነዚህ አራት ምርጫዎች ላይ ብዙ አስቤያለሁ። ዝምታ በራሱ ትርጉም የለውም፤ ትርጉሙን የሚሰጠው ሰው ነው፤ ያ ሰው ደግሞ የመረጠውን አውቆ መምረጥ አለበት።

ወደ ክልላችን ልመለስ። ዓባይ ቤኒሻንጉል ጉሙዝን ለሁለት ይከፍለዋል፤ መተከል በሰሜን፣ አሶሳና ካማሺ በደቡብ። ከአሶሳ ካማሺ ለመድረስ በወለጋ በኩል መዞር ግድ ነው። የወባ ቁጥር ከጤና ኬላ ተነሥቶ በጤና ጣቢያ፣ በወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት፣ በዞን አድርጎ አሶሳ ክልል ጤና ቢሮ ይደርሳል፤ ከዚያ ወደ ኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ያልፋል። የሪፖርቱ ሳምንት ሰኞ ተጀምሮ እሑድ ያበቃል። መመሪያው ግልጽ ነው፤ አንድም ታማሚ ባይኖር እንኳ ዜሮ ተብሎ ተጽፎ መላክ አለበት። ይህን መመሪያ ያረቀቁት ሰዎች የዛሬ ጉዳዬን አስቀድመው አውቀውታል፤ ዜሮ መልስ ነው፣ ባዶ ግን መልስ አይደለም።

ወረቀቱ ወደ ኮምፒውተር ሲገባ ግን ይህ ልዩነት ሊጠፋ ይችላል። ለምሳሌ፣ የወር ሪፖርታችን የሚሰበሰብበት ዲኤችአይኤስ 2 የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተባብረው ሥርዓት ነው፤ አገራችን ለራሷ የዘመን አቆጣጠር አመቻችታ ወሩን ከ21 እስከ 20 እየቆጠረች ትሠራበታለች። በዚህ ሥርዓት ለእያንዳንዱ የመረጃ ዓይነት «ዜሮን አስቀምጥ» የሚል ምርጫ አለ፤ ምርጫው ካልተነካ ዜሮ አይቀመጥም። ምክንያቱ ተንኮል አይደለም፤ የመረጃ ቋቱ ብዙ ሺህ ዜሮዎችን ተሸክሞ እንዳይንቀረፈፍ ነው። ውጤቱ ግን «ጠይቄ፣ መርምሬ፣ ማንም አልታመመም» ያለ ባለሙያና ቅጹን ሳይሞላ ያለፈ ባለሙያ አንድ ባዶ ሳጥን ሆነው መታየታቸው ነው። ቅጹ «ተጠናቋል» ተብሎ መላኩ ለብቻው ይመዘገባል፤ ታዲያ ያ ምልክት ከቁጥሩ ጎን ካልታየ ማን ያስታውሰዋል?

አንድ ክረምት የሆነውን ልናገር። ከወንዝ ማዶ ያለ አንድ ወረዳ ለሁለት ሳምንት በዝርዝሩ አናት ላይ ቆይቶ በሦስተኛው ሳምንት ጠፋ። በስብሰባው «ወረርሽኝ ያለባቸው ወረዳዎች በአንድ ቀንሰዋል» ተባለ፤ ቃለ ጉባኤ ላይም ሰፈረ። ስልክ ብንደውል ኔትወርክ የለም። መስመሩ ሲመለስ ያገኘናት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ «ወንድሜ፣ ሪፖርቱን ጽፌ አስቀምጬዋለሁ፤ የጠፋው የሚወስደው ሰው ነው» አለችን። ወንዙ ሞልቶ ሞተር ሳይክሉ አልተሻገረም። ወረቀቱ ሲደርስ ቁጥሩ በዝርዝሩ አናት ላይ ከነበረበት ጊዜም በልጦ ነበር። ያቺ ሴት ሥራዋን ጨርሳለች። ማጣሪያው የሠራውም የታዘዘውን ነው። የጎደለው «ማን አልላከም?» የሚለውን ጥያቄ በስብሰባው ላይ የሚያነሣ ሰው ነበር።

ክረምት፣ ወንዝ፣ መንገድና ኔትወርክ አብረው ይወድቃሉ፤ ወባም የሚነሣው በዚሁ ወቅት ነው። ስለዚህ ዝምታው በዘፈቀደ አይደለም። በተለምዶ 80 በመቶ የሚሆኑ ተቋማት ሪፖርት ካደረጉ ሽፋኑ አጥጋቢ ይባላል። እኔ ይህን አልቀበለውም። የቀረው 20 በመቶ በየሳምንቱ የተለያየ ቢሆን ይሁን እሺ፤ በእኛ ክልል ግን የሚጎድሉት ብዙውን ጊዜ እነዚያው ናቸው፤ ከመንገድ የራቁት፣ ከወንዝ ማዶ ያሉት፣ ጸጥታቸው የታወከው። 80 በመቶ የሚለው ቁጥር አሶሳ ከተማንና ባምባሲን እያሳየ የጫካውን መንደር ሊሸፍን ይችላል።

የወረርሽኝ ገደቡ ራሱ እንዴት እንደሚወጣ ብዙ አንባቢ ላያውቅ ይችላል። በአገራችን የወባ መመሪያ መሠረት ለአንድ ሳምንት ያለፉት አምስት ዓመታት የዚያው ሳምንት ቁጥር ይደረደራል፤ ከትልቁ ቀጥሎ ያለው ሁለተኛው ትልቅ ቁጥር ገደብ ይሆናል። ብልህ ዘዴ ነው። ኮምፒውተር አይፈልግም፤ የጤና ጣቢያ ባለሙያ በእርሳስ ሊሠራው ይችላል፤ አንድ ያልተለመደ ዓመት ብቻውን አያዛባውም። ነገር ግን አምስቱም ዓመታት እውነተኛ ቁጥር እንዳላቸው አድርጎ ይነሣል።

የ2018 ዓ.ም. ገደብ የሚወጣው ከ2013 እስከ 2017 ባሉት ዓመታት ነው። 2013 ዓ.ም. መተከል ላይ ምን እንደነበር የሚረሳ የለም። ታኅሣሥ 14 ቀን በቡለን ወረዳ በኩጂ ቀበሌ ከ100 በላይ ሰዎች ተገደሉ። በዚያ ዓመት ብዙ ሺህ ሰዎች ቤታቸውን ጥለው ወደ አማራ ክልል አዊ ዞን፣ ወደ ቻግኒ አካባቢ ተሰደዱ። ካማሺም ከ2011 መጀመሪያ አንሥቶ ሰላም አላገኘም። ጤና ኬላ ተዘግቶ፣ ባለሙያው ተሰዶ፣ ወረቀቱ ተቃጥሎ ሳለ የወባ ቁጥር ከየት ይመጣል? የተፈናቀለው ሰው ቻግኒ ላይ ወባ ቢይዘው ቁጥሩ የሚጻፈው በሌላ ክልል መለያ ስር ነው። ሰውየው የመተከል ሰው ነው፤ በመረጃው ግን መተከል «ቀንሷል»።

ነገሩን በቁጥር ላሳይ፤ ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የተቀመጡ ናቸው። የአንድ ወረዳ የአንድ ሳምንት እውነተኛ ቁጥር በአምስት ዓመት 130፣ 90፣ 62፣ 55፣ 40 ይሁን። ሁለተኛው ትልቅ 90 ነው፤ ገደቡ 90። አሁን ግን 130 እና 90 የነበሩት ሁለቱ ዓመታት የግጭት ዓመታት ሆነው ሪፖርት አልመጣ፣ ባዶውም እንደ ዜሮ ተቆጠረ እንበል። ድርድሩ 62፣ 55፣ 40፣ 0፣ 0 ይሆናል፤ ገደቡ ወደ 55 ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ለዚያ ወረዳ የተለመደ የሚባል ሳምንትም ወረርሽኝ ሆኖ ሊታይ ይችላል። መጀመሪያ ሰው ይሮጣል፤ በሦስተኛው ጊዜ ይሰለቻል፤ በአምስተኛው ጊዜ እውነተኛው ሲመጣ የሚሰማ አይኖርም። ተቃራኒውም አለ። የከፋ ወረርሽኝ የነበረባቸው ሁለት ዓመታት በድርድሩ ውስጥ እንዳሉ ከገቡ ገደቡ ሽቅብ ይወጣል፤ ለመደንገጥ ያለፈውን ወረርሽኝ ያህል ሰው መታመም አለበት ማለት ይሆናል።

ስለዚህ ባዶ ዓመት ዜሮ ተብሎ መግባት የለበትም። ወይ ይወጣና ሌላ ዓመት ይተካበታል፣ ወይ ገደቡ ከስንት ዓመት መረጃ እንደወጣ ከጎኑ ይጻፋል። አንድ የወረዳ ኃላፊ «ይህ ገደብ የሦስት ዓመት ነው» የሚል ማስታወሻ ቢያይ ምን ያህል ሊተማመንበት እንደሚገባ ራሱ ይመዝናል።

ሌላው የማጣሪያ ዓይነት «ከፍተኛዎቹን አሳየኝ» የሚለው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 እስከ ኦክቶበር 20 ቀን 2024 ባለው ጊዜ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማንና 1,157 ሞት መመዝገቡን አስታውቆ ነበር። ከሕሙማኑ 81 በመቶ የሚሆኑት ከአራት ክልሎች ናቸው ተባለ፤ ኦሮሚያ 44፣ አማራ 18፣ ደቡብ ምዕራብ 12፣ ደቡብ ኢትዮጵያ 7 በመቶ። ዜናው በየጋዜጣው በዚህ መልክ ሄደ። ቁጥሩ ትክክል ነው፤ የእኛ ክልል ግን በውስጡ የለም። የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ሕዝብ ከአገሪቱ ሕዝብ 1 በመቶ ገደማ ነው። ከሕሙማኑ ለምሳሌ 3 በመቶው ከእኛ ቢሆን፣ በነፍስ ወከፍ የአገሪቱን አማካይ ሦስት እጥፍ ታመናል ማለት ነው፤ በ«አራቱ ከፍተኛ» ዝርዝር ውስጥ ግን በፍጹም አንገባም። በነፍስ ወከፍ ሲሰላ ከጋምቤላ ጋር ከፍተኛ የወባ ጫና ካለባቸው ክልሎች መሆናችን ለዓመታት የታወቀ ነው። በጥሬ ቁጥር የሚያጣራ ሰው ብዛትን እየፈለገ ነው፤ በ1,000 ሰው የሚያጣራ ሰው ሕመምን እየፈለገ ነው። በጀት የሚመድብ ሰው ሁለቱንም ማየት አለበት።

የ1,000 ሰው ስሌትም ቢሆን አካፋዩን ይፈልጋል፤ አካፋዩ ደግሞ እዚህ ረግቶ አይቀመጥም። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2023 ሱዳን ውስጥ ጦርነት ከተነሣ ወዲህ በአሶሳ ዞን ድንበር፣ በኩርሙክ በኩል የገባው ሰው ብዙ ነው። የሚታመመውን ከነስደተኛው ቆጥሮ በነባሩ ሕዝብ ብቻ ማካፈል አሶሳ ዞንን ያለ ልክ የታመመ ያስመስለዋል።

የሙያ ጓደኞቼ የሚያነሡት አንድ ከባድ ክርክር አለ። «ለጠፋ ቁጥር ሁሉ ማንቂያ ካስጮህክ ቀኑን ሙሉ ይጮሃል፤ ኔትወርክ በማይረጋበት ክልል ማን ይችለዋል?» ይላሉ። እውነት አላቸው። በሰርቨር ሥራም ተረኛን የሚገድለው የማንቂያ ብዛት ነው። እኔ ግን የምጠይቀው ለእያንዳንዱ ዝምታ ጩኸት አይደለም፤ በዝርዝሩ ላይ ማን እንደላከ የሚያሳይ አምድ ነው። ከዚያ ዝምታውን በዓይነቱ እንለየዋለን። ባለፈው ሳምንት ጤናማ የነበረ ወረዳ አንድ ሳምንት ቢዘገይ መጠበቅ ይቻላል። ሦስት ሳምንት ከዘገየ ሰው ይላክ። ባለፈው ሳምንት ከገደብ አልፎ በዚህ ሳምንት ዝም ያለ ወረዳ ግን ከዝርዝሩ መውጣት የለበትም፤ ቁጥር እስኪልክ ድረስ በነበረበት አናት ላይ፣ በሌላ ቀለም፣ ይቆይ። ፕሮሜቴየስ እ.ኤ.አ. በ2023 የጨመረው ምርጫ ወደዚህ የተጠጋ ነው፤ ለኮምፒውተር የተገባው ጥንቃቄ ለሰው ይነሣል ብዬ አላምንም።

ስለ ሥዕሉም አንድ ነገር ልጨምር። ግራፋና በሚባለው የዳሽቦርድ ሶፍትዌር የጠፋ ቁጥርን በሦስት መንገድ መሣል ይቻላል፤ መስመሩ እዚያ ጋ እንዲቋረጥ፣ ወደ ዜሮ እንዲወርድ፣ ወይም ከጉድለቱ በፊትና በኋላ ያሉት ነጥቦች በቀጥታ መስመር እንዲገናኙ። በኤክሴልም ይህ ምርጫ አለ። ሦስተኛው ዐይን ይስባል፤ ለስብሰባም ያምራል። እኔ የተቋረጠውን እመርጣለሁ። መስመሩ ሲቋረጥ የሚያይ ሰው ይጠይቃል፤ የተገናኘውን የሚያይ ሰው አይጠይቅም።

ከዚሁ ክልል አንድ ማነጻጸሪያ ላምጣ። ጉባ ወረዳ መተከል ውስጥ ነው። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ፣ 13 ተርባይን ያለው፣ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም የተገነባለት፣ እዚያ ቆሟል። እንደዚህ ያለ ጣቢያ ውስጥ የአንድ ተርባይን መለኪያ ለደቂቃ ቢጠፋ «ጠፋ» ተብሎ እንደሚታይ ለመገመት መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም፤ ዜሮ ነው ብሎ የሚያልፈው ኦፕሬተር አይኖርም። በዚያው ክልል ላለ ጤና ኬላ የምጠይቀው ያንኑ ነው።

ይህ ሥራ አዲስ ሥርዓት አይፈልግም፤ የውጭ ርዳታም አይፈልግም። ሳምንታዊው ዝርዝር ላይ ከወረዳው ስም ቀጥሎ ሁለት አምዶች ይጨመሩ፦ በዚህ ሳምንት ከስንት ጤና ተቋም ስንቱ ላከ፣ ገደቡስ ከስንት ዓመት መረጃ ወጣ። ከዝርዝሩ በላይ ደግሞ ምንም ያላኩት ወረዳዎች በስም ይጻፉ፤ ስብሰባውም ከእነርሱ ይጀምር። በዲኤችአይኤስ 2 ላይ ለወባና ለሌሎች ሪፖርት ለሚደረጉ በሽታዎች «ዜሮን አስቀምጥ» የሚለው ምርጫ ይከፈት። የክልሉ ምክር ቤት አባላትም የጤና ቢሮውን ሪፖርት ሲያዳምጡ «ወረርሽኝ ያለባቸው ወረዳዎች ቀንሰዋል» የሚል ዐረፍተ ነገር በሰሙ ቁጥር፣ ከቀነሱት ውስጥ ስንቱ በዚያ ሳምንት ሪፖርት እንደላኩ ይጠይቁ፤ መልሱም በቃለ ጉባኤው ይስፈር።